መግዛት ወይስ አንስቶ ማሳደግ? ውሻው የማን ነው?

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ አንድ አሳይንመንት ተሰጥቶን ነበር። "አከራካሪ የሆነ ጉዳይ ምረጡና የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ሚዛናዊ አድርጋችሁ አቅርቡ" ይላል። እኔ የመረጥኩት በውጭው ዓለም ብዙ የሚያነጋግረውን "ውሻ ከአርቢ መግዛት ይሻላል ወይስ ባለቤት ያጣ ውሻ ወስዶ ማሳደግ?" የሚለውን ነበር። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ መምህራችን ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። "ይህ ውሻ የሚኖረው የት አገር ነው?"

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ያገኘሁት ውጤትም ደስ የሚል አልነበረም። ዶርም ገብቼ ጽሑፌን እንደገና ሳነበው ግን ጥያቄው ገባኝ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ጀውሃ ነው። ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ ሲኬድ በዋናው መንገድ ላይ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በሦስቱ ገጽ ውስጥ የለንደን ውሻ አለ፣ የካሊፎርኒያ ውሻ አለ፣ የጀውሃ ውሻ ግን አንድም የለም። ቤታችን ውሻ ያለ መሆኑ እንኳን ትዝ አላለኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን አሳይንመንት ሁለተኛ ጊዜ ለመሥራት የተደረገ ሙከራ ነው።

ክርክሩ ከተነሣበት አገር

መጀመሪያ ክርክሩን በራሱ አገር እንየው። በእንግሊዝ አገር ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን ከተማ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ከፈቱ። ይህ መጠለያ በኋላ ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል። ከ13 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1873፣ በዚያው አገር የውሻ ዘር የሚመዘግበው ኬኔል ክለብ ተቋቋመ። እንግዲህ "አንሡ" የሚለው ወገንና "ዘሩን ጠብቃችሁ አርቡ" የሚለው ወገን በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ያደጉ ናቸው ማለት ይቻላል።

አንስቶ ማሳደግን የሚደግፉት ሰዎች ዋና መከራከሪያቸው ቀላል ነው። መጠለያው በውሻ ሞልቶ ሳለ ሌላ ውሻ ማስወለድ ምን አመጣው ይላሉ። ለገበያ ብቻ ተብሎ በሚረባበት ቦታ እናቲቱ ያለ ዕረፍት ትወልዳለች፣ ቡችሎቹም ሳይጠነክሩ ይሸጣሉ። በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው የእንግሊዝ "የሉሲ ሕግ" ነው። (ሉሲ ሲባል ድንቅነሽ እንዳትመጣባችሁ! ይቺ ሉሲ እ.ኤ.አ. በ2013 በዌልስ ከአንድ የቡችላ ማምረቻ የተወሰደች ውሻ ናት።) እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ በነጋዴ በኩል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ገዢው ወይ በቀጥታ ከአርቢው ይገዛል፣ ወይ ከመጠለያ ይወስዳል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የእንስሳት መሸጫ ሱቆች ከመጠለያ የመጡ ውሾችን ብቻ እንዲያቀርቡ አድርጋለች። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ውሻና ድመት በሱቅ መሸጥን ከልክላለች።

የአርቢዎቹም ወገን ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። ጥሩ አርቢ የቡችላውን እናትና አባት ያውቃል፣ ያስመረምራል፣ ያሳያል። ለምሳሌ ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ዘር በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይታወቃል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት ደግሞ ለመተንፈስ ይቸገራሉ። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ መርምሮ የታመመውን ከማራባት የሚታቀብ ሰው ጠቃሚ ሥራ ሠራ እንጂ ጥፋት አላጠፋም። ዓይነ ስውር የሚመራ ወይም ፈንጂ የሚያነፈንፍ ውሻ ሲፈለግም ጠባዩ አስቀድሞ ቢታወቅ ይመረጣል።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገኖች ሳይናገሩት የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። ውሻው ከመጠለያም ይምጣ ከአርቢ፣ በመጨረሻ ስሙን አስመዝግቦ፣ ፈርሞ የሚረከበው ሰው አለ። ክርክሩ ሁሉ ውሻው "ከየት ይምጣ" በሚለው ላይ ነው። "የማን ነው" የሚለው ግን ያለቀ ጉዳይ ሆኖ ቀርቧል። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ክርክሩን ስገለብጥ ያለቀ የመሰለውንም አብሬ ገለበጥኩ።

ወደ እኛ ሲመጣ

አዲስ አበባ ላይ ገበያው አለ። በመኪና መንገድ ዳር ቡችላ አቅፈው "የፈረንጅ ነው" እያሉ የሚሸጡ ልጆች ያላየ ያለ አይመስለኝም። አንዲት የክፍላችን ልጅ ቤተሰቦቿ ለአጥር ጥበቃ "ንጹሕ ጀርመን" ተብሎ የተሸጠላቸው ቡችላ ሲያድግ ጆሮው አልቆም ብሎ ቤቱ ሁሉ እንደሚስቅ አጫውታኛለች። እሷ እንኳን የሳቀችው ውሻው ስለተረፈላቸው ነው። ከእናቱ ጡት ቶሎ የተነጠለና ያልተከተበ ቡችላ ፓርቮ በሚባለው በሽታ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። እናቱን ያላየ ገዢ ምን እንደገዛ አያውቅም። ስለዚህ የከተማው ሰው መግዛቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። እናቱ የት እንዳለች ሳይጠይቅ፣ የክትባት ወረቀት ሳያይ መግዛቱ ነው ችግሩ።

ጀውሃ ላይ ግን ውሻ አይሸጥም፣ አይገዛም። ጎረቤት ውሻ ስትወልድ "አንድ ወንድ ያዝልኝ" ይባላል፣ በቃ። ውሻ የሚፈለገው ለሥራ ነው። ማታ ጅብ ከፍየሎቹ በረት እንዳይጠጋ፣ ማሽላው ሲደርስ ዝንጀሮና ጃርት እንዳይጨርሰው። ከብት የሚጠብቅና ቤት የሚጠብቅ ውሻ በእስላሙም በክርስቲያኑም ደጅ አለ። ብቻ ቦታው ከቤት ውጭ ነው። የሚበላው ትርፍራፊ ነው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ? ሦስት ደጅ የሚበላ ውሻ ሦስት ደጅ ይጮሃል። እንዲህ ያለውን ውሻ "ባለቤት የሌለው" ማለት ልክ አይደለም፣ "ባለቤት አለው" ማለትም ልክ አይደለም።

"አንድ ወንድ ያዝልኝ" ስንል ሴቶቹስ? ሴት ቡችላ የሚፈልጋት የለም። ዓመት ሳይሞላት ትወልዳለች፣ ማን ይቀልባል? ስለዚህ ዓይኗ እንኳን በቅጡ ሳይገለጥ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጋ ወንዝ ዳር ወይም መንገድ ዳር ትጣላለች። የጀውሃ ልጅ ሆኖ ይህንን ያላየ የለም። የፈረንጆቹን የቡችላ ማምረቻ ሳነብ በጣም ያዘንኩት እኔ ይህንን ግን እንደ ተራ ነገር እያየሁ ነው ያደግኩት።

እንግዳ

በ2010 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ ከድልድይ ሥር አንዲት ሴት ቡችላ በሹራቡ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። አባቴ ተቆጣ። "ሴት ውሻ? ግቢውን ቡችላ ልታስሞላው ነው?" አለ። እናቴ ግን "ዛሬን ትደር፣ እንግዳ ናት" አለችና አሳደረቻት። ስሟም እንግዳ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ እኛ ቤት አንስቶ ማሳደግ የሚባለው ነገር ቃሉን ሳንሰማው በፊት ተፈጽሟል ማለት ነው። ጎበዝ ውሻ ወጣት። አባቴም ቢሆን ውሎ አድሮ ማሽላ ሊጠብቅ ሲወርድ እሷን ሳይዝ አይሄድም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እኛም እንደ ብዙው ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ሰው በመኪና ላይ ተደራርቦ ሲጫን ውሻ የሚያስብ የለም። እንግዳ ቀረች። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ግቢው ባዶ ነበር። እንግዳ ግን በአገዳው ክምር ሥር ከሦስት ቡችሎቿ ጋር ተኝታ አገኘናት። ቆማ ጭራዋን ስትቆላ እናቴ አለቀሰች።

ቡችሎቹን ግን ማንም አልፈለጋቸውም። በዚያ ጊዜ ለሰውም የሚበቃ ምግብ አልነበረም። ሁለቱ ሞቱ። አንዱ አድጎ ሥጋ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱና መኪና ማቆሚያው አካባቢ መዋል ጀመረ። ማታ አንዳንዴ እኛ ጋ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ስም አልነበረውም። ሰኔ ላይ የጎረቤታችንን የስድስት ዓመት ልጅ እግሩን ነከሰው። ሰፈሩ ተሰብስቦ ውሻውን በዱላ ገደለው። ልጁ የተወሰደበት ጤና ተቋም ክትባቱ አልነበረውም። እናቱ ፍየል ሸጣ ወደ ሌላ ከተማ ይዛው ሄደች። እዚያ የተጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ "ውሻው የማን ነው?" የሚል ነበር። ስልክ ደወለች፣ አባቴ አነሣ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። "የማን እንደሆነ አይታወቅም" አላት።

ልጁ መርፌውን ጨርሶ ዳነ፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አባቴ ለትራንስፖርት ብሎ ገንዘብ ሰጥቷታል። ያን ቃል ግን አላነሣውም፤ እኔም እስካሁን አላነሣሁትም ነበር።

"አይታወቅም" ማለት ምን ያስከትላል?

ይህንን ጽሑፍ ስዘጋጅ ካነበብኩት ውስጥ ለአንባቢ ይጠቅማል ያልኩትን ላስቀምጥ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን የቆየ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1903 በብዛት ተከስቶ እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገምታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ለማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባቱን መጀመር ሕይወት ያድናል። ወላጆቻችን የሚያስታውሱት እምብርት ዙሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚወጋው መርፌ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ የድሮ ዓይነት ነው። አዲሱ ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። ጠበልም የባህል መድኃኒትም የሚሻ ሰው አይከለከልም፤ ነገር ግን እሱን ሲጠብቅ ክትባቱ መዘግየት የለበትም።

አሁን ወደ ተገደለው ውሻ ልመለስ። ሰው የነከሰ ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ታስሮ ለ10 ቀን መታየት አለበት። በአሥሩ ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ፣ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን በምራቁ አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የልጁን ቀሪ ክትባት ሊያቆም ይችላል። ነገር ግን አስሮ የሚቀልበው ባለቤት ያስፈልጋል። ባለቤት ከሌለ ዱላ ነው። ዱላው ደግሞ ውሻውን ብቻ አይገድልም፣ መረጃውንም ይገድላል። የጎረቤታችን ልጅ ያንን ሁሉ መርፌ የተወጋው፣ እናቱም ያንን ሁሉ መንገድ የተመላለሰችው፣ ስለ ውሻው የሚጠየቅ ሰው ስለጠፋ ነው።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ እንስሳው አምልጦት ቢሆንም እንኳን፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ሳነበው የአባቴ ድምፅ ነው የመጣብኝ። አባቴ የሕግ ቁጥር አያውቅም። "የኔ ነው" ያለ ሰው እንደሚከፍል ግን ያውቃል። ውሻው በማንም ስም ባልተመዘገበበት አገር ኃላፊነትን የሚያመጣው የራስ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ቃሉን ይውጣል። አባቴን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩት። በዚያ ዓመት ከእጁ የወጣችው እያንዳንዷ ብር ከልጆቹ ጉሮሮ የምትወጣ ነበረች።

ነገሩ በሰው ብቻ አያበቃም። ከእኛ ቆላ በላይ ባለው የመንዝ ደጋ፣ ጓሳ ላይ፣ ከአገራችን ውጭ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 ያነሱ ናቸው። ባሌ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተደጋጋሚ የጨረሳቸው ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያልተከተበ ውሻ የአንድ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል። በሌላ በኩል መፍትሔው ሁሉንም ውሻ መጨረስ አይደለም። የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፣ ሌላ ያልተከተበ ይመጣበታል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን በሽታው መተላለፉን ያቆማል ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ለመከተብ ደግሞ ገመዱን ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል።

የአባቴ መልስ

በሴሚስተሩ ዕረፍት ቤት ስሄድ አባቴን ጠየቅኩት። ማታ ነው፣ እንግዳ በሩ ላይ ተኝታለች፣ አርጅታለች። "አባዬ፣ ያን ጊዜ ውሻው የኛ አልነበረም?" አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ "እኔ ያነሣሁት እንግዳን ነው፣ ልጆቿን አላነሣሁም" አለ።

ይህ አነጋገር ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ከኢንተርኔት ከሰበሰብኩት ሦስት ገጽ ይልቅ የክርክሩን ልብ የነካው እሱ ነው። ውሻ ማንሣት የአንድ ቀን ደግነት ነው፤ ሹራብና ወተት ይበቃዋል። የተነሣችው ውሻ ግን ትወልዳለች፣ ትነክሳለች፣ ትታመማለች። የምትወልደውን ያላሰበ አንሺ ሌላ ሰው የሚጥለውን ቡችላ እያዘጋጀ ነው። እናቱን ያልጠየቀ ገዢም እንደዚያው። ወይፈን ማኮላሸት ለአባቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ሴት ውሻ ማምከን ግን ቀዶ ሕክምና ስለሆነ፣ በገጠር ያለው ክሊኒክ ደግሞ ለከብትና ለፍየል የተቋቋመ ስለሆነ፣ "ለምን አላስመከናችሁም?" ብሎ መፍረድ ይቀላል። "የት ይሂዱ?" ብሎ መጠየቅ ነው የጋዜጠኛ ሥራ።

በሳምንቱ እንግዳን በገመድ አስረን ለክትባት ወሰድናት። አባቴም አብሮን መጣ። መዝገብ የያዘችው ልጅ ቀና ሳትል "ባለቤት?" አለች። እኔ አባቴን አየሁት። ስሙን ከነአባቱ ሙሉ አድርጎ ተናገረ።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

ከዚህ ሁለተኛ ሙከራዬ የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ፦

1ኛ. ሚዛናዊነት ማለት ሁለት ወገን መጥቀስ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ሳይናገሩ የተስማሙበትን ነገር መፈለግም ነው። እኛ አገር የጎደለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

2ኛ. ስለ ውሻ ንክሻ ዜና ስንሠራ "ውሻው ተገደለ" ብለን አንጨርስ። ባለቤት ነበረው? ተከትቧል? ታስሮ መታየት ይችል ነበር? ክትባቱ በአካባቢው ይገኛል? ብለን እንጠይቅ።

3ኛ. "ባለቤት አልባ ውሻ" የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት ማን እንደሚቀልበው እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሚቀልበው አለ፣ የጠፋው የሚጠየቅለት ነው።

4ኛ. ቡችላ ለመግዛት የሚያስብ ሰው እናቱን አሳዩኝ ይበል፣ የክትባት ወረቀት ይጠይቅ። ለማንሣት የሚያስብ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክትባቱንና የምትወልደውን ያስብ።

መግዛት ይሻላል ወይስ ማንሣት? ለሚለው የኔ መልስ፣ እንደኛ ባለ አገር ሜዳው በተጣሉ ቡችሎች ሞልቶ ሳለ፣ ማንሣት የሚል ነው። ነገር ግን "የኔ ነው" ለማለት ያልተዘጋጀ ሰው ከሁለቱም ቢቀርበት ይሻላል። የተነከሰው ልጅ እናት ይህንን ጽሑፍ ታነበው እንደሆነ አላውቅም። ለቤታችን ግን ሩቅ አይደለችም። ለሚቀጥለው ዕረፍት ስሄድ፣ አባቴ ቢፈቅድ አብረን፣ ባይፈቅድም ብቻዬን፣ ቤቷ ገብቼ ውሻው የኛ እንደነበር እነግራታለሁ።

ቸር ይግጠመን!